ጥቆማ፦ ለድሬ ሙቀት የሚሆን የመኖ ዘር የቱ ነው?

ጠያቂው (መልካ ጀብዱ)፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ሦስት የወተት ላሞች አሉኝ። የፍሩሽካውም የፋጉሎውም ዋጋ አልቀመስ አለ። ግማሽ ሄክታር መሬት አለችኝ፤ ጉድጓድ አለ፣ ግን ፓምፑ የሚሠራው ናፍጣ ሲገኝ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከሐረር ወጣ ብሎ በዝናብ ብቻ ማሽላ ያርሳል። ያገኘሁት ሰው ሁሉ «አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ዝራ» ይለኛል። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የሳቢያን ወተት ሻጭ፦ አቦ፣ አልፋልፋ የሚልህ ሰው መጀመሪያ ስለ ውሃህ ጠይቆሃል? ሥሩ ብዙ ሜትር ስለሚወርድ ድርቅ ይችላል ይባላል። አዎ፣ ቶሎ አይሞትም። ውሃ ሲያጣ ግን እድገቱን አቁሞ ይተኛል፣ ውሃ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል። ላምህ በዚያ መሃል አብራው አትተኛም! ቡቃያው ደግሞ ሥር እስኪሰድ እንደ ሕፃን ነው፤ ጨው ያለበት የጉድጓድ ውሃ ይገድለዋል። እኔ የዘራሁት 400 ካሬ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ማጠጣት አልችልም። አበባ ማሳየት ሲጀምር አጭደዋለሁ፣ አጠውልጌ ከማሽላ አገዳ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ጤዛ ያለበትን ለምለም አልፋልፋ ለተራበች ላም ብቻውን እንዳትሰጥ፣ ሆዷ ተነፍቶ ሌሊቱን ሐኪም ስትፈልግ ታድራለህ።

ለቀሪው መሬትህ ካውፒ የሚባለውን ጥራጥሬ ዝራ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲነካ እንኳ አይበረግግም፣ በሁለት ወር ገደማ ለማጨድ ይደርሳል። ዝናብ ቢቋረጥ ቢያንስ አንድ እጅ መኖ አግኝተሃል። የሚጠላው ውሃ የተኛበት መሬት ነው፤ ጎርፍ የሚያልፍበት ጥግ ላይ አትዝራው።

ከሐረር፣ ሰንጋ አድላቢ፦ ለወንድምህ የምለው ላብላብ የሚባለውን ተጠምጣሚ ጥራጥሬ ነው። እኛ ሐረርጌዎች ሰንጋ የምናደልበው ከማሽላው ማሳ እየነቀልን፣ ቅጠሉንም እየቀነጠብን መሆኑን ታውቃለህ። አገዳው ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ላብላብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ማሽላው ከበቀለ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ በመስመሮቹ መሃል ይዝራው፤ አብሮ ከዘራው ተጠምጥሞ ያንቀዋል (እኔ አንድ ዓመት ማሽላዬን በገዛ እጄ አሳንቄያለሁ)። መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነው፣ ሰው ተስፋ ይቆርጥበታል። ሥሩ ከወረደ በኋላ ግን ማሽላው ታጭዶ አገሩ ሁሉ ገለባ ሲመስል እሱ አረንጓዴ ነው። በ2007 ክረምት፣ ያ ኤልኒኖ የመጣ ጊዜ፣ ማሽላዬ ዘለላ ሳይዝ ቀረ፤ ከብቶቼን ሳልሸጥ የከረምኩት በላብላቡ ቅጠል ነው።

አንድ ነገር ግን አትጠብቅ። «ጥራጥሬ ስለሆነ መሬቱን ያዳብራል» ይባላል፣ ዝናብ ባለበት ዓመት ልክ ነው። ድርቅ ሲመጣ ግን ቅጠሉ ገና ሳይጠወልግ ሥሩ ላይ ያሉት፣ ናይትሮጅን ከአየር ይዘው መሬቱን የሚያዳብሩት እባጮች ሥራ ያቆማሉ። ነቅለህ አንዱን ሰንጥቀህ እይ፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየያዘ ነው፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ የለም።

ጠያቂው፦ ተባረኩ። አጥር ላይ ዛፍ ነገር ብተክልስ? ዘሩንስ ከየት ልግዛ?

የሳቢያን ወተት ሻጭ፦ ለአጥር የእርግብ አተር ይሻልሃል፤ ቅጠሉ ለከብት፣ ፍሬው ለቤት፣ ግንዱ ለማገዶ። ሉኪንያ የሚባለው ዛፍም ለሙቀታችን ይስማማል፣ ዘሩን የፈላ ውሃ ትንሽ በረድ ሲል ነክረህ ትዘራለህ። ግን ከላሟ መኖ ከሲሶ በላይ አይሁን። የጋሪ ፈረስና አህያ ካለህ ደግሞ ጭራሽ አታስቀምሳቸው፤ ውስጡ ያለው ሚሞሲን የሚባል መርዝ ፀጉራቸውን ያራግፈዋል።

ዘሩን በተመለከተ፦ ካውፒ ከገበያ የእህሉን ገዝተህ ብትዘራ ይበቅላል፣ ርካሽም ነው፤ ችግሩ የእህል ዝርያው ብዙ ጊዜ ፍሬ እንጂ ቅጠል አያበዛም። አልፋልፋን ከአንድ ሱቅ በሚያምር ከረጢት ገዝቼ አብዛኛው ሳይበቅል ቀርቷል። ስለዚህ ከማንም ግዛ፣ ሙሉውን ከመክፈልህ በፊት 50 ፍሬ ለምነህ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘርጋ። በሳምንት ውስጥ 40 ካልበቀለ መልስለት።

ከሐረር፣ ሰንጋ አድላቢ፦ ለላብላብ ወንድምህ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ጎራ ይበል፣ ከሐረር ወደ ድሬ ሲወርድ መንገዱ ላይ ነው። የመኖ ጉዳይ የሚያጠኑትን ያናግር፣ ለየትኛው ቀበሌ የትኛው ዝርያ እንደሚሆን ይነግሩታል። ለ1,000 ካሬ 2 ኪሎ ይበቃዋል። ከመጀመሪያው ምርት ጥቂት መስመር ሳያጭድ ለዘር ይተው፣ በሚቀጥለው ዓመት ዘር አይገዛም። እኔም ብሆን ትንሽ አላጣም፣ ሰው ይላክ።