ጫካ ውስጥ ያየሁት ረጅም የአፈር ክምር ምንድነው?

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጀማው። ጀርመን አኽን ነው ያለሁት። እሁድ እሁድ ከከተማው በስተደቡብ ባለው ጫካ እግሬን አፍታታለሁ። ባለፈው ከመንገድ ወጣ ስል አንድ ረጅም የአፈር ክምር አገኘሁ። ከፍታው ያን ያህል አይደለም፣ ግን በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያልቅም። ከጎኑ ጉድባ አለው። ዛፎቹ ደግሞ ጉድ ናቸው፤ ግንዳቸው አጭርና ወፍራም ሆኖ ከላይ እንደ ጣት ተከፋፍለው ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ንስር የተቀረጸበት ድንጋይም አይቻለሁ። ምሽግ ነው ወይስ የውሃ ቦይ?

ቶሎ መላሽ፦ የሂትለር ምሽግ ነው። 1944 ላይ አኽን ውስጥ ከባድ ውጊያ ነበር።

የጫካው ሰው፦ አይደለም ወንድሜ፣ የዛን ጊዜው እኮ ታንክ እንዲያቆም እንደ ጥርስ የተደረደረ ኮንክሪት ነው። ይሄ ላንድግራበን ይባላል፣ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው። አኽን ያኔ ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር ጌታ የሌላት ነፃ ከተማ ነበረች፣ በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮቿንና መሬቷን በጉድባና በአፈር ክምር አጠረች። ንስሩ የወሰን ድንጋይ ነው። ዛፎቹን ሆን ብለው አናታቸውን እየቆረጡ ጥቅጥቅ ያለ ሕያው አጥር ያደርጓቸው ነበር። 1794 ላይ ፈረንሳዮች ከተማዋን ያዙ፣ የድሮው ወሰንም ትርጉም አጣ። የሚቆርጥ ሲጠፋ ቅርንጫፉ ዝም ብሎ አደገ። ጣት የመሰለህ እሱ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ዋው! ግን እኔ በስኒከር ወጥቼ ወረድኩት እኮ፣ የትኛውን ጦር ሊያቆም ነው?

የጫካው ሰው፦ ለጦርማ የከተማው የድንጋይ ግንብ አለ። ይሄ ለዘራፊ ነው። ሌባው ራሱ ሾልኮ ይገባ ይሆናል፣ ሃያ ላም እየነዳ ግን ያንን አጥርና ጉድባ እንዴት ብሎ ይሻገራል? ጋሪም እንደዛው። ነጋዴው ወደደም ጠላም ዘብ ወዳለበት መግቢያ መምጣት አለበት፣ ቀረጡንም እዛው ይከፍላል።

ፍራንክፈርቴ፦ እኛም ጋ ነበር! ቦከንሃይመር ቫርተ ባቡር ጣቢያ የምትወርዱ፣ እዛ ያለው ክብ ግንብ በ1430ዎቹ የተሠራ የዚሁ አጥር መጠበቂያ ማማ ነው። ፍሪድበርገር ቫርተ ደግሞ 1478። አጥሩን ከተማው ዋጠው፣ ማማዎቹ ቀሩ። እኔ ስንት ዓመት ሰው የምቀጥርበት ቦታ ነው፣ ለጌጥ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

የቦንጋ ልጅ፦ ኧረ ይሄ የኛው ኬላ ነው! የከፋ መንግሥት በ1897 (እ.ኤ.አ.) በምኒልክ ጦር እስኪሸነፍ ድረስ ወሰኑን በጥልቅ ጉድባ አጥሮ በሮቹን ያስጠብቅ ነበር። ዳውሮ ሃላላ ኬላ ደግሞ በድንጋይ ካብ ነው።

አዲስ ገቢ፦ እሁድ ተመልሼ በሩ የት ጋ እንደነበረ እፈልጋለሁ። ፎቶ እለጥፋለሁ።

የጫካው ሰው፦ ለጥፍ፣ ግን ሁለተኛ ክምሩ ላይ እንዳትወጣ። አፈሩን የሚጨርሰው እግር ነው፣ በጎን በጎኑ ሂድ።