አስቸኳይ! ልጄ ሁሉንም በቃሏ ታውቃለች፣ የሶሲዮሎጂ ውጤቷ ግን ዲ ሆነ

የልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ለንደን ነው ያለነው። ልጄ ኤ ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም የማኅበረሰብ ጥናት፣ ትወስዳለች። የመጀመሪያው ፔፐር (የፈተና ወረቀት) 9 ቀን ቀርቶታል። ዛሬ የሞክ (የሙከራ ፈተና) ውጤቷን ይዛ መጣች፣ ዲ። ትልቁ ኤሴይ ላይ ከ30 12 ነው የሰጧት። ከትምህርት ቤት እንደመጣች ክፍሏን ዘግታ እያለቀሰች ነው። እህልም አልቀመሰች።
ያልገባኝ ነገር፣ ልጅቷ ታውቀዋለች! እሑድ ዕለት ሽንኩርት እያቁላላሁ ደብተሯን ይዤ ጠየቅኳት። የሶሲዮሎጂ ሊቃውንቱ ዱርካይም ምን አለ፣ ፓርሰንስ ምን አለ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀር አንድም ሳትስት አንበለበለችው። አስተማሪዋ ጠምዶ ይዟት ይሆን? ምን ላድርግ?

ማታ ፈረቃ፦
አይዞሽ እህቴ። የድሮ ፈተናዎችን አሠሪያት። ሌላ መድኃኒት የለውም።

ጋሽ ቀለም፦
እኛ ለማትሪክ ስናጠና እግራችንን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ነክረን፣ በሶ በጥብጠን፣ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር የምንቆየው። መብራት ሲጠፋ በሻማ። የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገር ተሟልቶላቸው ስልክ ያሸንፋቸዋል። ስልኳን ውሰጂባት። ደግሞስ ሒሳብና ኬሚስትሪ እያለ ሶሲዮሎጂ ለምን አስመረጥሻት?

የቂርቆሱ፦
ጋሼ፣ ምርጫው ካለፈ ቆይቷል፣ አሁን የቀረው 9 ቀን ነው። ልጅቷም መተኛት አለባት። እህቴ፣ ቦርዱ የቱ እንደሆነ አልነገርሽንም።

የልጆች እናት፦
ቦርድ ማለት?

የቂርቆሱ፦
ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት ነው። ኤኪውኤ ነው ወይስ ኦሲአር? የሞኩ ወረቀት ራስጌ ላይ ይኖራል። አወጣጣቸው ስለሚለያይ እሱን ሳናውቅ የምንነግርሽ ሁሉ ሊያሳስታት ይችላል።

የልጆች እናት፦
ሻይ ይዤላት ገብቼ ጠየቅኳት። ኤኪውኤ ነው። የመጀመሪያው ፔፐር ስለ ትምህርት ነው አለች።

ከሊድስ፦
እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። «ታውቀዋለች» ያልሽው ላይ አልስማማም። አንቺ የለካሽው የማስታወስ ችሎታዋን ነው። እኛ አገር ቤት የተማርነው እንደዚያ ስለሆነ በቃሉ የወረደው ልጅ ጎበዝ ይመስለናል። እዚህ ግን አንድ ሰው ያለውን ከደገመች በኋላ «ታዲያ ትክክል ነው ወይ?» የሚለውን ነው የሚጠብቁት።
ስለ አስተማሪው ደግሞ፣ ጥርጣሬሽን አላጣጥልም። አስተማሪ በልጅ ላይ ስም ለጥፎ ውጤቷን ሊያበላሽ ይችላል። ሌብሊንግ ይሉታል፣ ልጅሽም ለዚሁ ፈተና ታጠናዋለች። ግን ከመፍረድሽ በፊት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አስተያየት አንብቢው። ዋናውን ፈተና ደግሞ የሚያርመው እሷን የማያውቅ የውጭ ሰው ነው።

ማታ ፈረቃ፦
እኔም ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነው፣ የድሮ ፈተና ትሥራ።

ሁለተኛ ዓመት፦
ጤና ይስጥልኝ። እኔም ኤኪውኤ ነው የወሰድኩት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ እያጠናሁ ነው። 12 የሚለውን ቁጥር ሳይ የራሴ ሞክ ነው ትዝ ያለኝ። ከ30ው ነጥብ ለእውቀት የተመደበው 12 ነው። 9 እውቀቱን ከጥያቄው ጋር ለማገናኘት፣ 9 ደግሞ ለመተንተንና ለመመዘን ነው። አራሚው ጠቅላላውን አይቶ በደረጃ ነው የሚሰጠው እንጂ አንድ በአንድ አይደምርም። ቢሆንም የፈለገችውን ያህል ብትሸመድድ በእውቀት ብቻ ከዚያ ብዙም አታልፍም። ስለዚህ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። 18ቱ ነጥብ ገና አልተነካም ማለት ነው።
መመዘን ማለት ምን እንደሆነ በምሳሌ ላሳይዎት። ቦውልስና ጊንቲስ የሚባሉ ሁለት ምሁራን፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ ትምህርት ቤት ለፋብሪካ የሚሆን ታዛዥ ሠራተኛ ያወጣል ብለው ጻፉ። ልጅዎ እዚህ ላይ አቁማ ወደ ሚቀጥለው ሰው ትሄዳለች ብዬ እገምታለሁ። ዊሊስ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ጥናት 12 የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችን አየ። ልጆቹ ታዛዥ አልነበሩም፣ አስተማሪ ላይ ያሾፉ ነበር። ይሄ ቦውልስና ጊንቲስን ያፈርሳል። መጨረሻቸው ግን ያው የጉልበት ሥራ ሆነ። ይሄ ደግሞ መልሶ ይደግፋቸዋል። ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ብትጽፈው ስለ አምስት ሰዎች ከመዘርዘር ይበልጣል።
ጥያቄው ላይ አጭር ጽሑፍ ይሰጣቸዋል፣ አይተም ይሉታል። ከእሱ አንድ ሐሳብ አንስታ «አይተሙ እንደሚለው» ብላ ማስፋት አለባት። ብዙ ልጅ ሳያነበው ያልፈዋል።

የልጆች እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥሽ የኔ ልጅ። ወረቀቱን አሁን አየሁት። አስተማሪው በቀይ «ሶ ዋት?» (ታዲያ ምን ይሁን?) ብሎ አራት ቦታ ጽፎባታል። እኔ ስድብ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ባለ 20 ነጥቡ ጥያቄ ግማሹ ባዶ ነው።

የቂርቆሱ፦
ባዶ የሆነው ጊዜ አልቆባት ነው። ፔፐሩ 80 ነጥብ ነው፣ ጊዜው 2 ሰዓት። ለአንድ ነጥብ ደቂቃ ተኩል ብላ ትያዝ። ባለ 30ው 45 ደቂቃ ነው፣ ባለ 4ቱ 6 ደቂቃ። 45 ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳ ትለፍ። ያላለቀ ኤሴይ ነጥብ አለው፣ ባዶ ገጽ ግን ዜሮ ነው።

ሁለተኛ ዓመት፦
ባለ 20 ነጥቡ ስለ ጥናት ዘዴ ነው። ልጆች የሚወድቁበት የመጠይቅን ጥቅምና ጉዳት በደፈናው ስለሚዘረዝሩ ነው። ጥያቄው ግን ዘዴውን ለዚያ ጉዳይ መጠቀም ምን ችግር አለው ነው።
ለምሳሌ ስለ ወላጆች ተሳትፎ በመጠይቅ ማጥናት ቢባል፣ እርስዎን ታስብ። አራት ገጽ የእንግሊዝኛ መጠይቅ በልጅ ቦርሳ ይላክልዎታል። ልጅ ትረሳዋለች። ወይ ደርሶዎት ከሥራ ደክመው ገብተው ነው። ወይ ደግሞ «ማነው የላከው? ምን ሊያደርጉበት ነው?» ብለው ያስቀምጡታል። ሞልተው የሚመልሱት ጊዜና ቋንቋ ያላቸው ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ውጤቱ ሁሉንም ወላጅ አይወክልም። በቃ፣ መልሱ እንዲህ ነው።

ጋሽ ቀለም፦
ይህቺ ልጅ ጥሩ አስረዳች። እኔም አሁን ገባኝ። ስልኩ ግን ይወሰድ።

ማታ ፈረቃ፦
ጋሼ፣ የድሮ ፈተናዎቹን የምታወርደው በስልኳ ቢሆንስ?
እህቴ፣ ኤኪውኤ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አሉ። ማርክ ስኪሙንም (የአራሚዎቹን የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ) አብራ ታውርድ።

ከሊድስ፦
አንቺ ደግሞ አሁንም መጠየቅሽን አታቁሚ። ጥያቄውን ብቻ ቀይሪው። አንድ ሰው ያለውን ስትነግርሽ «ማን አልተስማማም? ለምን? አንቺስ?» በያት። ለዚህ ሶሲዮሎጂ ማወቅ አይጠበቅብሽም።

የልጆች እናት፦
ትናንት ማታ ሞከርነው። እኔ ልብስ እያጠፍኩ፣ እሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ። ፓርሰንስ ትምህርት ቤት ሁሉንም ልጅ በእኩል መለኪያ ነው የሚመዝነው ይላል አለችኝ። «ማን አልተስማማም?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ማሚ፣ አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅና እኔ እኩል ነን እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ራሷ ቡርዲዩ የሚባል ሰው አነሳች፣ የቤተሰብ ሀብትና ባህል ልጅን በትምህርት ያስቀድመዋል የሚል ነው አለችኝ። የምድጃውን ሰዓት 10 ደቂቃ ላይ አድርጌላት አንዱን አንቀጽ ጻፈችው። ዛሬ ለአስተማሪው ልታሳየው ይዛው ሄዳለች። ራትም በላች፣ ተመስገን።

ሁለተኛ ዓመት፦
የአስጠኚውን ነገር በደንብ ትያዘው፣ ጥሩ ነጥብ ነው። ግን «እኔ» ብላ አትጻፍ። ገንዘብ ያላቸው ወላጆች አስጠኚ ይቀጥራሉ ብላ ከቡርዲዩ ጋር ታያይዘው።

የቂርቆሱ፦
የፈተናው ዕለት ጠዋት ቁርስ ሳትበላ እንዳትሄድ። መልካም ዕድል በያት።

ከሊድስ፦
እህቴ፣ ፈተናው እንዴት ሆነ? እዚህ ሁላችንም እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛ ዓመት፦
እኔም እያሰብኳት ነው። ገና ሁለት ፔፐር ስለሚቀራት ትንሽ ይጻፉልን።

እማማ ትርሲት ሰፈር፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሀል ገባሁ። የኔ ልጅ ኦሲአር ነው የሚወስደው። ይሄ የ12፣ 9፣ 9 ነገር ለሱም ይሠራል?

የቂርቆሱ፦
እሱን እንዳለ አትውሰጂው። ከቦርዱ ድረ ገጽ ማርክ ስኪሙን አውርጂና ጥያቄሽን ለብቻው ለጥፊው፣ እናይልሻለን።