የልጆች ቀን ፊልማችን፦ "ለምን ይሄ ፊልም" የሚለውን ክፍል አብረን እንጻፈው

አስተባባሪ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያለው ማህበራችን የልጆች ቀን ፕሮፖዛሉን እስከ እሁድ ለቦርዱ ማስገባት አለበት። ባለፈው ስብሰባ ፊልሙ ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ ይሁን ተባብለናል፣ ያ ዶሮቲ የምትባል ልጅ አውሎ ነፋስ ከነቤቷ ወደ ኦዝ ምድር የሚወስዳት፣ ግን ቦርዱ መጀመሪያ የሚጠይቀን እኮ ይታወቃል፣ "በፈረንጆቹ 1939 የተሰራ ፊልም ለዛሬ ልጅ ምን ያረግለታል?" ነው የሚሉን። እኔ መነሻ ብዬ የጻፍኩት "በቀለም አጠቃቀሙ ታሪክ የሰራ ፊልም ስለሆነ" የሚል ነበር፣ ደግሜ ሳነበው ግን ቀዘቀዘብኝ። እስቲ የምታስቡትን ጣል ጣል አርጉልኝ፣ እኔ አቀናብረዋለሁ።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የቀዘቀዘው ቀለሙን ስላነሳሽ አይደለም እህቴ፣ በሩን ስላልነገርሽን ነው። አውሎ ነፋሱ ቤቱን አንስቶ ካወረደው በኋላ ዶሮቲ በሩን የምትከፍትበትን ቦታ አስታውሺ፣ እስከዛ ድረስ ሁሉ ነገር አቧራ የመሰለ ቡናማ ነው፣ በሩ ሲከፈት ውጪው አበባ በአበባ። ያኔ ኮምፒውተር ምናምን የለም፣ እና ምን አረጉ መሰለሽ፣ የቤቱን ውስጥ በሙሉ ቡናማ ቀቡት፣ ዶሮቲን ለተጫወተችው ለጁዲ ጋርላንድ ምትክ የሆነች ሴት ቡናማ ቀሚስ ለብሳ ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ በሩን ትከፍትና ዞር ትላለች፣ ከዛ ጁዲ ራሷ በሰማያዊ ቀሚሷ ብቅ ትላለች። ፊልሙ እዛች ጋ ባለ ቀለም ነው፣ ቡናማው ቤቱ ነው። ልጄ 6 ዓመቷ ነው፣ እዛ ስትደርስ እጇን ፈንዲሻው ውስጥ እንደከተተች ቀረች፣ እስክሪኑን እያየች በጣም በቀስታ "እማዬ ውጪውን አየሽው?" አለችኝ። ይሄን ጻፊላቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ፊልሙን ያቆየው ቀለሙ ብቻ ነው ካላችሁ አልስማማም። እዚህ ሀገር በመጣን በሁለተኛው ዓመት ጎረቤታችን የነበሩ አሜሪካዊት ሴትዮ ልጆቻችንን ጠርተው ፊልሙን አሳዩዋቸው፣ እኔም ቁጭ ብዬ አየሁት። በኋላ ሲያጫውቱኝ፣ እሳቸው በልጅነታቸው ቤታቸው የነበረው ቲቪ ጥቁርና ነጭ ስለነበር በሩ ሲከፈት ምንም ሲለወጥ አላዩም፣ ቀለሙን ያዩት ካደጉ በኋላ ነው። ያም ሆኖ ዓመት እየቆጠሩ ይጠብቁት ነበር!

ነገሩን ተከታትዬዋለሁ። ፊልሙ ሲወጣ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር፣ ሰው ወደደው ግን ኩባንያው ትርፍ ያየው በ1949 እንደገና ሲኒማ ቤት ሲገባ ነው። በ1956 ኖቬምበር 3 ሲቢኤስ የሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ በቲቪ አሳየው፣ ከ1959 ጀምሮ ደሞ በዓመት አንድ ቀን ሆነ። ያን ጊዜ ቪዲዮ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ካመለጠህ ዓመት መጠበቅ ነው፣ ስለዚህ አያት፣ እናት፣ ልጅ በአንድ ማታ አንድ ክፍል ውስጥ ያዩታል፣ የዛሬ ልጅ የነገ እናት ትሆንና የራሷን ልጅ ታስቀምጣለች። እኛስ አባባ ተስፋዬን እንዴት ነበር የምናያቸው? ቲቪ ያለው ጎረቤት ቤት፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ወለሉ ላይ ተደራርበን። "የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች" ሲሉ ለእኔ ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ፕሮፖዛሉ ላይ "አንድ ጊዜ እናሳያለን" አትበሉ፣ በየዓመቱ በሉ።

አስተባባሪ፦
ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄ እኮ ፕሮፖዛሉን ከነጭራሹ ቀየረው። ሊንኩን ለወላጅ ልከን በየቤቱ ይዩት የሚለውን አማራጭ ሰረዝኩት።

አባል ከአሌክሳንድሪያ፦
ይቅርታ ደስታችሁን ላቋርጥ ነው ግን ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አያርፍም። የወንድሜ ልጅ 4 ዓመቱ ነው፣ የፊልሙን ክፉ ጠንቋይ አይቶ ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ነው፣ ክንፍ ያላቸው ጦጣዎች ሲመጡማ ሶፋው ስር ገባ። አዳራሽ ሙሉ ህፃን ሰብስበን ልናስለቅስ ነው እንዴ? እድሜ ይገደብ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
ስጋትሽ ልክ ነው፣ እኔም በክፍሌ አይቼዋለሁ። ግን መልሱን ጠንቋይዋን የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን ራሷ ሰጥታናለች። ሴትየዋ ተዋናይ ከመሆኗ በፊት የሕፃናት መምህርት ነበረች፣ ልጆች እንደሚፈሯት ታውቅ ስለነበር ያሳዝናት ነበር። በ1975 በፍሬድ ሮጀርስ የልጆች ፕሮግራም ላይ እንደማንኛዋም አያት ሆና መጣች፣ ከዛ ጥቁሩን ቀሚስ፣ ካባውን፣ ባርኔጣውን አንድ በአንድ እዛው ካሜራ ፊት ለበሰች፣ ልብሱ ውስጥ ያለችው ያቺው ደግ ሴትዮ እንደሆነች ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። እኛም ፊልሙ ሳይጀመር 10 ደቂቃ እንውሰድ፣ ልብሱን እኔ እለብሳለሁ፣ ባርኔጣውን ልጆቹ ራሳቸው ጭንቅላቴ ላይ ያርጉልኝ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ደሞ ከወላጁ ጋር በር አጠገብ ይቀመጥ።

ፍርሃቱን ጨርሶ እናውጣው ከተባለ ግን አልደግፍም። እኛ በአያ ጅቦ እየተንቀጠቀጥን ነው ተረት የወደድነው፣ አያቴ ድምጿን ዝቅ ስታረግ ጋቢዋ ውስጥ እገባ ነበር፣ እና በማግስቱ "ድገሚልኝ" የምላት ያንኑ ነው። ልጅ የሚወደው ፈርቶ ሰው አቅፎት ያለፈውን ነገር ነው።

ተማሪ አባል፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት፣ አማርኛዬን ታገሱኝ። ፊልሙን በ5፣ በ9፣ በ19 ዓመቴ አይቼዋለሁ፣ ሶስቱም ጊዜ ሌላ ፊልም ነበር። በ5 ዓመቴ ውሻውን ብቻ ነው ያየሁት። 9 ዓመቴ ላይ ለእናቴ በየቢሮው የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፣ ፎርም የምሞላው፣ ስልክ የምመልሰው፣ እና ትላልቅ ሰዎች ሁሉን ነገር የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር፣ እናቴም። ከዛ ዶሮቲ ወደ ቤቷ እንዲመልሳት የምትፈልገው፣ ያ ሁሉ ጭስና እሳት ያለው ጠንቋዩ ታላቁ ኦዝ፣ ውሻው መጋረጃውን ሲገልጠው ማሽን የሚያንቀሳቅስ አንድ የደነገጠ ሰውዬ ሆነ። እናቴን ዞር ብዬ አየኋት። እሷም በየቢሮው ስንገባ ስትፈራ እንደነበር ያን ማታ ነው የገባኝ፣ ከዛ በኋላ ወረፋ ስንይዝ እጇን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

19 ላይ ደሞ ከዶሮቲ ጋር የሚጓዙትን ሶስቱን ጓደኞቿን አየሁ። የገለባው ሰውዬ አእምሮ የለኝም ይላል ግን መንገዱን ሙሉ ዘዴ የሚያወጣው እሱ ነው፣ የቆርቆሮው ልብ የለኝም ይላል ግን እንባው እስኪያዝገው ያለቅሳል፣ አንበሳው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ከነሱ ጋር ግንቡን ይወጣል። ይሄን ደሞ ልጆች ከነሱ ቀድመው ያውቁታል! ታናሽ እህቴ "አለህ እኮ!" እያለች እስክሪኑ ላይ ትጮሃለች። እሷና ጓደኞቿ ስለ ኦዝ ጠንቋዮች የሚያወራውን፣ በ2024 የወጣውን ዊክድ የሚባል ፊልም አይተው ነው ወደ ድሮው የተመለሱት፣ ስለዚህ "ለዛሬ ልጅ" ለሚለው መልሱ ይሄው፣ የዛሬ ልጅ ራሱ እየፈለገው ነው።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አስለቀስሽኝ የኔ ልጅ። እኔ ዶሮቲ መጨረሻ ላይ "ከቤት የሚበልጥ የለም" የምትለውን ከሀገር ቤት ናፍቆት ጋር አያይዘን እንጻፍ ልል ነበር።

ተማሪ አባል፦
እትዬ፣ እሱን ባንጽፈው ደስ ይለኛል። ለእርስዎ ቤት ማለት ሀገር ቤት ነው፣ ለእኔ የእናቴ አፓርትመንት ነው። ፊልሙ የቱ እንደሆነ ስለማይወስን ነው ሁለታችንም የምናለቅሰው።

አባል ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልክ ነሽ፣ ይቅር።

አባል ከአሌክሳንድሪያ፦
የልብሱን ሀሳብ ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ዶሮቲ ያደረገችው ቀይ ጫማ እኮ እዚሁ ዋሽንግተን ነው ያለው፣ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም፣ መግቢያው ነጻ። ፊልሙ በተወሰደበት በፍራንክ ባውም የ1900 መጽሐፍ ላይ ጫማው ብርማ ነበር፣ ለቀለም ፊልሙ ብለው ነው ቀይ ያረጉት። ቀርባችሁ ስታዩት ከፊልሙ ጠቆር ያለ ነው፣ ሶሉ ላይ ስትጨፍር ድምጽ እንዳያሰማ ጨርቅ ተለጥፎበታል። በ2016 ለእድሳቱ 300,000 ዶላር ከህዝብ ሲጠየቅ ተዋጣ፣ ሰው ከኪሱ አውጥቶ ለአንድ አሮጌ ጫማ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን በሜትሮ እንውሰዳቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
እስማማለሁ። በጀት ላይ ግን አንድ ነገር፣ ዲቪዲ ገዛን ማለት አዳራሽ ውስጥ ለህዝብ ማሳየት እንችላለን ማለት አይደለም፣ የማሳያ ፈቃድ ለብቻው ይከፈላል። ላይብረሪው ፈቃድ ካለው እጠይቃለሁ፣ ከሌለው ከመዋጮው ይውጣ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፦
ለወላጆች በሚበተነው ወረቀት ላይ ደሞ የተዋንያኑ ስቃይ አይደበቅ። መጀመሪያ የቆርቆሮውን ሰውዬ ሊጫወት የነበረው ባዲ ኤብሰን በፊቱ ላይ በነሰነሱት የአሉሚኒየም ዱቄት ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ሃሚልተንም ቀረጻ ላይ ተቃጥላለች። ጎረምሶቹ ይህን ማወቅ ይችላሉ።

አስተባባሪ፦
እሺ፣ አዲሱ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ "ማህበራችን ይህን ፊልም በየዓመቱ በአንድ ቀን፣ አያት፣ ወላጅና ልጅ አንድ ላይ ሆነው እንዲያዩት ይጠይቃል። ፊልሙ እስከዛሬ የተወደደው ቤተሰብ በአንድነት ጠብቆ ስላየው፣ ልጅ የሚፈራውን ነገር ስላልደበቀና በየዕድሜው ሌላ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ከፊልሙ በፊት የ10 ደቂቃ የልብስ ማሳያ፣ በሳምንቱ የሙዚየም ጉብኝት ይኖራል።" እንግሊዝኛ ለማይሰሙ አያቶች በየመሃሉ በአማርኛ የሚያወራ ሰው ያስፈልገናል።

ተማሪ አባል፦
እኔ አወራለሁ። እናቴን ከፊት ወንበር ያዙልኝ።