ፈረንሳይኛን በዩኒቨርሲቲ ማጥናት ከበደኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁም። የፈረንሳይኛ ቋንቋና የፍራንኮፎን (የፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሕዝቦች) ባህል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ በፊት የጀማሪ ኮርስ ወስጃለሁ። ሰዋስው ላይ ጥሩ ነኝ፤ ፈተናም አልወድቅም። ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መምህሩ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚያስተምረን። ሲናገር ግማሹ ያመልጠኛል። ማስታወሻ ልይዝ ስል ደግሞ የቀረውም ያመልጠኛል። ልቦለድ ሲሰጠን አንድ ገጽ ላይ መዝገበ ቃላት ስገልጥ አመሻለሁ።

የባህል ኮርሱም ግራ አጋብቶኛል። አንድ ቀን ሴኔጋል፣ ሌላ ቀን ካናዳ ውስጥ ያለችው ኩቤክ፣ ሌላ ቀን የካሪቢያኗ ደሴት ማርቲኒክ። እነዚህን ምን አንድ እንደሚያደርጋቸው አልገባኝም። "ዲሰርታስዮን" የሚባለውን የክርክር ድርሰት ጻፉ ተብለን የጻፍኩት ደግሞ "ሐሳብ አለው፣ ቅርጽ የለውም" ተብሎ ተመለሰልኝ።

ጆሮዬን በምን ላሠልጥን? ንባቡን እንዴት ልወጣው? ዴልፍ የሚባለውን የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና አሁን ልፈተን ወይስ ልቆይ? ቤተሰብ ደግሞ "ተመርቀሽ ምን ልትሠሪበት ነው?" እያለ ይጠይቀኛል። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

አይዞሽ እህቴ። ክፍል ውስጥ ራሱን የሚነቀንቀው ሁሉ ገብቶት እንዳይመስልሽ።

የቋንቋ ኮርስና የቋንቋ ዲግሪ አንድ አይደሉም። ኮርስ ላይ ፈረንሳይኛ ትማሪያለሽ። ዲግሪው ላይ ግን ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ሥነ ልሳን በፈረንሳይኛ ትማሪያለሽ። ስለዚህ ቋንቋውን ራሱን የምታሳድጊበት የግል ሰዓት ያስፈልግሻል። ክፍሉ ይህን አያደርግልሽም።

ለጆሮ አርኤፍኢ የተባለው የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ራዲዮ ይጠቅምሻል። ለተማሪዎች በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያዘጋጀው ዕለታዊ ዜና አለ። አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ ጽሑፉም አብሮ ይወጣል። ሌላ ሥራ እየሠራሽ ከበስተጀርባ ብትከፍችው ግን ብዙ አይጠቅምሽም። አንድ ደቂቃ ብቻ ውሰጂ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታዪ አዳምጪ። ከዚያ እያቆምሽ የሰማሽውን ጻፊ። በመጨረሻ ከጽሑፉ ጋር አስተያዪና የሳትሽውን በቀይ አስምሪበት።

ቀዩን ስታዪ ትገረሚያለሽ። አብዛኛው የማታውቂው ቃል አይደለም። የምታውቂያቸው ቃላት ተጣብቀው ነው ያመለጡሽ። ለምሳሌ "ሌ" የሚለውን መስተአምር (አርቲክል) እና "አንፋን" የሚለውን ቃል ለየብቻ ታውቂያቸዋለሽ፤ አንድ ላይ "ልጆቹ" ማለት ነው። ተናጋሪው ግን "ሌዛንፋን" ይላል። አንቺ "ዛንፋን" የሚል አዲስ ቃል የሰማሽ ይመስልሻል። ይህ መያያዝ ሊዬዞን ይባላል። እሱን መለየት ስትጀምሪ ሰዎቹ ቀስ ብለው የሚያወሩ እስኪመስልሽ ድረስ ይቀልሻል።

ቲቪ5ሞንድ የተባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥንም በደረጃ የተከፋፈለ ነጻ የቪዲዮ መልመጃ አለው፤ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ጠንካራው ቢ2። እሱንም እያፈራረቅሽ ሥሪ።

ለክፍሉ ደግሞ ነገ የሚነሳውን ርዕስ ዛሬ ማታ በምትችዪው ቋንቋ አንብበሽ ግቢ። በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለውም። ሐሳቡን ቀድመሽ ካወቅሽ ጆሮሽ የሚያሳድደው ቃሉን ብቻ ነው።

መልስ፦ የፎኔቲክስ (የንግግር ድምፅ ጥናት) መምህር

የቀደመው መልስ ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ አፍ ነው። አፍሽ የማያወጣውን ድምፅ ጆሮሽ ለመለየት ይቸገራል።

አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ድምፆችን ይዞ ነው የሚገባው። "ዥ" አለን፣ "ኝ" አለን፤ ሌሎች ተማሪዎች እነዚህን ሲለማመዱ ጊዜ ይወስድባቸዋል። የሚያስቸግረን አናባቢው ላይ ነው። ፈረንሳይኛ ውስጥ "አንተ" እና "ሁሉ" የሚሉትን ቃላት በፊደላችን ብንጽፋቸው ሁለቱም "ቱ" ይሆናሉ። ለፈረንሳዩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። "ሁሉ" የሚለው የእኛው "ቱ" ነው። "አንተ" የሚለውን ለማውጣት "ቲ" በይ። ምላስሽን እዚያው ተዪውና ከንፈርሽን ብቻ ለፉጨት እንደሚደረገው አሹዪ። ምላስሽ ወደ ኋላ ከሸሸ ተበላሸ። መስታወት ፊት "ቲ" እያልሽ ከንፈርሽን አሹዪ፣ ፍቺ፣ አሹዪ።

ሁለተኛው በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ናቸው። እኛ "ቦን" ስንል መጨረሻ ላይ "ን"ዋን ጥርት አድርገን እናሰማለን፤ የምላሳችን ጫፍ ወደ ላይ ይነካል። በፈረንሳይኛ "ቦን" ሲባል ግን ምላስ የትም አይነካም፤ አየሩ በአፍም በአፍንጫም ይወጣል። የምላስሽ ጫፍ ላይኛውን ጥርስሽን ከነካ ድገሚው።

ስም ስትይዢ ሁልጊዜ ከነመስተአምሩ ያዢ። በ"ስዮን" የሚጨርሱት ከሞላ ጎደል ሴት ናቸው፤ በ"ማን" የሚጨርሱት ረጃጅም ስሞች በአብዛኛው ወንድ ናቸው። የቀረውን ልማድ ያስተምርሻል።

ንባብ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ጊዜያቱ ላይ ነው፤ አማርኛ ግን እዚህ ይረዳሻል። "ዝናቡ ይዘንብ ነበር፤ ልጅቷ በሩን ከፈተች" በዪ። "ይዘንብ ነበር" የሚለው አንፓርፌ ነው፤ ከበስተጀርባ የሚቀጥል ነገር። "ከፈተች" የሚለው ያለቀ ድርጊት በንግግር ፓሴ ኮምፖዜ፣ በልቦለድ ደግሞ ፓሴ ሳምፕል ይሆናል። ፓሴ ሳምፕልን መናገር አይጠበቅብሽም፤ ስታዪው ማወቅ ይበቃል። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኚውም በሦስተኛ መደብ ነው። የተለመዱትን ግሦች በዚህ ቅርጽ በአንድ ወረቀት ጻፊና መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጪው።

ገጹን መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት ጨርሺው። ማን፣ የት፣ ምን ሆነ የሚለውን በጠርዙ ላይ ጻፊ። ሁለተኛ ስትመለሺ ደጋግሞ የመጣውን ወይም ዓረፍተ ነገሩን የዘጋብሽን ቃል ብቻ ፈልጊ። የቀረውን እለፊው።

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ተማሪ

እኔ የምመልስልሽ ስለ ዲሰርታስዮኑና ስለ ባህል ኮርሱ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ይፈታሉ።

ዲሰርታስዮን የምታውቂውን ሁሉ የምትዘረግፊበት ድርሰት አይደለም። ከርዕሱ ውስጥ አንድ አከራካሪ ጥያቄ ታወጫለሽ፤ ፕሮብሌማቲክ ይሉታል። ከዚያ አንባቢውን እየመራሽ ወደ መልሱ ትሄጃለሽ። መግቢያው ርዕሱን ያስተዋውቃል፣ ጥያቄውን ይጥላል፣ በምን መንገድ እንደምትሄጂ ይናገራል። "ቅርጽ የለውም" ያሉሽ ይህ ስለጎደለ ይመስለኛል።

ምሳሌ ልሥራልሽ። ርዕሱ "ፈረንሳይኛ የአፍሪካ ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል?" ይሁን።

መጀመሪያ "አይደለም" የሚያሰኘውን ያዢ። ቋንቋው የመጣው በቅኝ አገዛዝና በትምህርት ቤት ነው። በምዕራብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር የተገኘ ልጅ "ሳምቦል" የሚባል የውርደት ምልክት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲሳሳት ካልሰማ ምልክቱ ከእሱ አይወርድም። ይህን አንዱን ነገር በደንብ ብትገልጪው አንድ ሙሉ አንቀጽ ይወጣዋል።

ቀጥሎ "ነው" የሚያሰኘውን። በ1930ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች ተገናኙ፦ ሴንጎር ከሴኔጋል፣ ሴዜር ከማርቲኒክ፣ ዳማ ከፈረንሳይ ጊያና። በዚያው በተጫነባቸው ቋንቋ የጥቁርን ክብር ጻፉ። ኔግሪቲዩድ የተባለው እንቅስቃሴ ከዚያ ነው የመጣው። ሴንጎር በኋላ ከ1960 እስከ 1980 ሴኔጋልን መራ። በ1983 ደግሞ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ጠባቂ ለሆነው ለፈረንሳይ አካዳሚ አባልነት በመመረጥ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ዛሬ በፈረንሳይኛ ከሚናገረው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖረው አፍሪካ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ክፍል "ነውም አይደለምም" ብሎ ማስታረቅ አይደለም። ጥያቄውን ወደፊት መግፋት ነው። የፍራንኮፎኒ ድርጅት፣ ማለትም የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ማኅበር፣ መሠረት የተጣለው ማርች 20 ቀን 1970 አፍሪካ ውስጥ፣ ኒጀር ዋና ከተማ ኒያሜ ላይ ነው። ያቺው ኒጀር ከማሊና ከቡርኪና ፋሶ ጋር በማርች 2025 ከድርጅቱ እንደምትወጣ አስታወቀች። ማሊ በ2023 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ፈረንሳይኛን ከይፋዊ ቋንቋነት አንሥታ የሥራ ቋንቋ ብቻ አድርጋዋለች። እንግዲህ ጥያቄው ቋንቋው የማን ነው ከሚለው ወጥቶ ማን ይወስንበታል ወደሚለው ይሄዳል።

አሁን ኩቤክን አምጪ። እዚያ በ1977 የወጣው የፈረንሳይኛ ቻርተር ቋንቋውን በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤትና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከእንግሊዝኛ ለመከላከል የተደነገገ ነው። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የገዢ ቋንቋ የነበረው በኩቤኳ ከተማ በሞንትሪያል መጠበቅ የሚያስፈልገው ነው። ሴኔጋል፣ ማርቲኒክ፣ ኩቤክ የተባሉት ያልተያያዙ ቦታዎች የመሰሉሽ ለዚህ ነው። ስለ እያንዳንዳቸው "እዚህ ፈረንሳይኛ እንዴት ገባ? ዛሬስ ከየትኛው ቋንቋ ጋር ይኖራል?" ብለሽ ጠይቂ። ማስታወሻሽ ራሱ መስመር ይይዛል።

ለንባብ የሴኔጋላዊቷን የማርያማ ባን በደብዳቤ መልክ የተጻፈ የ1979 ልቦለድ እመክርሻለሁ። አጭር ነው፣ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ ስለምትጽፍ ቋንቋውም ቅርብ ነው።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። መምህር፣ እርስዎ ያሉትን የ"ቲ" ልምምድ ሞክሬው ልዩነቱ ተሰማኝ። የዴልፉንና የሥራውን ነገር የሚነግረኝ አለ?

መልስ፦ አስተርጓሚ

ዴልፍ ከኤ1 እስከ ቢ2፣ ዳልፍ ደግሞ ሲ1ና ሲ2 ነው። በዴልፍ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር እያንዳንዳቸው ከ25 ይታረማሉ። ለማለፍ ከመቶው 50 ያስፈልጋል። በአንዱ ከ5 በታች ካመጣሽ ግን ድምሩ ጥሩ ቢሆንም አታልፊም፤ ስለዚህ ጽሑፍሽ ጆሮሽን አያድነውም። ዲፕሎማው ጊዜው አያልፍበትም። ቲሲኤፍ የሚባለው ሌላው የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና ግን ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። የእኔ ምክር ቢ2 እስክትደርሺ ቆዪ የሚል ነው። ፈረንሳይ አገር ለመጀመሪያ ዲግሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠይቁት እሱን ነው፤ ዝቅ ላለው ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

ስለ ሥራ ቤተሰብ የጠየቀሽ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አትቆጪ። ፈረንሳይኛ ከተባበሩት መንግሥታት 6 ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በአፍሪካ ኅብረትም የሥራ ቋንቋ ነው። የእርዳታ ድርጅቶች በኮንጎ፣ በቻድ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሲሠሩ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ግን ልብ በዪ፤ የሚፈልጉት ፈረንሳይኛ የሚችል የሒሳብ ባለሙያ፣ ፈረንሳይኛ የሚችል ነርስ፣ ፈረንሳይኛ የሚችል የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ማይነርሽን፣ ከዋናው ጎን የምትማሪውን ሁለተኛ ዘርፍ፣ በጥንቃቄ ምረጪ። ቋንቋው ብቻውን ሥራ የሚሆነው በማስተማር፣ በትርጉምና በአስተርጓሚነት ነው።

አስተርጓሚነት ካማረሽ አማርኛሽንም አሳድጊ። በሙያችን ቋንቋዎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብለው ይመደባሉ፤ ኤ የአፍ መፍቻሽ ነው፣ ቢ አቀላጥፈሽ የምትናገሪው ሌላ ቋንቋ ነው፣ ሲ ደግሞ የምትሰሚው እንጂ የማትናገሪበት ነው። በአማርኛ የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ማውጣት የማይችል ሰው ፈረንሳይኛው የቱንም ያህል ቢገባው ማይክሮፎን ፊት ይቸገራል። በየቀኑ በአማርኛም አንብቢ።

መልስ፦ የአራተኛ ዓመት ተማሪ

በዴልፉ አልስማማም። ገንዘቡ ካልከበዳት ቢ1ን ብትወስድ ይሻላል። የፈተናውን አካሄድ ትለምዳለች፤ የትኛው ክህሎት ወደ ኋላ እንደቀረም በቁጥር ታየዋለች። ከበዳት ደግሞ የቢ1ን ናሙና ፈተና ሰዓት ይዛ ቤቷ ትሥራው።

ጀማሪዋ፦

ናሙናውን እሠራለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ዲሰርታስዮን ውስጥ "እኔ" ማለት ይቻላል?

መልስ፦ የሥነ ጽሑፍ ማስተርስ ተማሪ

አይመከርም። "ኑ" (እኛ) ወይም "ኦን" (ሰው በጠቅላላ) ተጠቀሚ፤ የጀመርሽበትንም እስከ መጨረሻው ያዢ። መግቢያውን የምትጽፊው ዝርዝር እቅድሽ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ ወዴት እንደምትሄጂ ሳታውቂ መንገዱን መናገር ያስቸግራል።