ልጄ ሃይስኩልን ቤት ተምራ ቶሎ መጨረስ ትችላለች?

የአምስት ኪሎዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍል ናት። የምትማረው እዚሁ መሀል ከተማ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው፣ ስሙ ይቆይ። የዘንድሮውን ሒሳብና ፊዚክስ የገና በዓል ሳይደርስ ጨርሳ የ10ኛን መጽሐፍ ከቴሌግራም አውርዳ ይዛለች። ክፍል ውስጥ የምታውቀውን ስትሰማ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ ኖት ስትገለብጥ ታመሻለች። ኃላፊውን ሳነጋግረው "ጎበዝ ናት እኮ፣ ምን ችግር አለው?" አለኝ። ችግሩማ ልጅቷ ትምህርት እየጠላች መሆኑ ነው። ክፍያው ግን በየዓመቱ ይጨምራል፣ እሱን አይረሱም።

ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ልጆቹን ሆምስኩል ነው ያስተማራቸው፣ ትልቁ በ16 ዓመቱ ሃይስኩል ጨርሶ ኮሌጅ ገብቷል። በደወለ ቁጥር "ምን ታስጨንቂያታለሽ፣ አስወጥተሽ ቤት አስተምሪያት፣ በሁለት ዓመት ትጨርሰዋለች" ይለኛል። እሷም ይህን ከሰማች ልቧ ሸፍቷል። አባቷ ደግሞ "እብደት ነው" ብሎ ወሬውን ዘግቶታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያደረገ አለ? ቤት የተማረች ልጅ ማትሪክ መፈተን ትችላለች? ካልሆነስ ሌላ ምን መንገድ አለ? ልትሰድቡኝ የፈለጋችሁ እባካችሁ እለፉኝ፣ ቤት ውስጥ በቂ አለ።

ካዛንቺስ ነበርኩ

እኛ ጊዜ እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ጎበዝ ከሆንክ ደብል ትመታለህ፣ ከ3ኛ ወደ 5ኛ፣ አለቀ። ታናሽ እህቴ ደብል መትታ እኔ ክፍል ድረስ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ያነሳብኛል።

ሆምስኩሉን አላውቅም። ጎረቤት ግን "ልጅቷ ምን ሆና ነው የቀረችው?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፣ መልስሽን ከአሁኑ አዘጋጂ።

ቲቸር ዘአራት ኪሎ

እህቴ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ልጅሽ ቤት ቁጭ ብላ የአራቱን ዓመት ትምህርት በሁለት ዓመት ልትጨርስ ትችላለች፣ እሱን አልጠራጠርም። እንደ እሷ ያሉ ልጆች አይቻለሁ። ጭንቁ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። እኛ አገር ትምህርት የሚቆጠረው በካርድ ነው። ማትሪክ የሚመዘገቡት በትምህርት ቤት በኩል ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የ9ኛ፣ የ10ኛ፣ የ11ኛ ውጤት አምጪ ይላል። "ቤት ተምሬ አውቀዋለሁ" ብለሽ የምትገቢበት በር የለም። ማታም ርቀትም ቢሆን ያው ነው፣ አንዱን ክፍል ሳትጨርሽ ወደሚቀጥለው አትሄጂም። ብዙ ወላጅ "የማታ ላስመዝግባትና ቀን የሚቀጥለውን ክፍል ታጥና" ሲል እሰማለሁ። ዓመቱ አያጥርም፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚቀየረው። ደግሞ 14 ዓመት ሴት ልጅ በማታ ከአምስት ኪሎ ስትመላለስ አስቢው።

ድሮ ቢያንስ መሀል ላይ የ10ኛ ክፍል ፈተና ነበር። ከ2011 በኋላ እሱም ቀረ። አሁን ከ8ኛ በኋላ እስከ 12ኛ ድረስ አንድም አገር አቀፍ ፈተና የለም፣ ስለዚህ አንዲት ልጅ ከዕድሜዋ ቀድማ መገኘቷን የምታሳይበት መሀል ላይ ምንም የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር። ማትሪክ እንደ ድሮው አይደለም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። እነዚህ አራት ዓመት ክፍል የተቀመጡ ልጆች ናቸው። ክፍል መቀመጥ ብቻውን እንዳላዳናቸው አያለሁ፣ በዚህ ልጅሽ ልክ ናት። ግን ፈተናው ከላይ ከላይ ያነበበን ልጅ አይምርም። 10ኛን መጽሐፍ ጨረስኩ ማለትና የ10ኛን ጥያቄ በደቂቃ መስራት ለየቅል ናቸው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አትሚላትና ሰዓት ይዘሽ አስሪያት። ከዚያ የት እንዳለች ራሷ ታየዋለች፣ አባቷም ያየዋል።

እመ ሁለት (ሜክሲኮ)

ቲቸር ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን አንድ በር ትተዋል። ካምብሪጅ፣ የእንግሊዙ ዓለም አቀፍ ፈተና።

የእኔ ትልቁ ልጅ ነው ያደረገው። የካምብሪጅ ፈተና የዕድሜ ገደብ የለውም፣ የስንተኛ ክፍል ካርድ አምጣ አይልም። የትምህርት ቤት ተማሪ ሳትሆኚ በግል ተመዝግበሽ መፈተን ይቻላል፣ ብሪቲሽ ካውንስል ሄዳችሁ ጠይቁ። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ በግንቦትና ሰኔ አካባቢ አንድ፣ በጥቅምትና ኅዳር አካባቢ አንድ። መጀመሪያ አይጂሲኤስኢ የሚባለው አለ፣ ወደ 10ኛ ክፍል ደረጃ ነው፣ ከዚያ ኤ ሌቭል፣ ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያለው የመጨረሻው። የቻለችውን የትምህርት ዓይነት አንዱን ወቅት ትፈተናለች፣ የቀረውን በሚቀጥለው። ቶሎ መጨረስ የሚቻለው በዚህ ነው፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ።

ክፍያው በየትምህርት ዓይነቱ ነው፣ መነሻውም በፓውንድ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ከተንሳፈፈ ወዲህ ደሞዝተኛ ቤተሰብን ወገብ የሚሰብር ነው። እኔ ከዚያ በፊት ስለጀመርኩ ተረፍኩ፣ ታናሹን ግን በዚህ መንገድ አላስበውም። ከግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጋር ደምረሽ አወዳድሪው፣ አስጠኚም አትርሺ፣ እናት ሆኜ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ ብትይ በሁለተኛው ሳምንት ነው የምትጣሉት። ምዝገባውም ከፈተናው ወራት ቀድሞ ይዘጋል።

ከሁሉ በላይ ላብራቶሪው። አይጂሲኤስኢ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ላብ ሳትገቢ ስለ ሙከራው በወረቀት የምትመልሺው አማራጭ ፈተና አላቸው፣ ስለዚህ ቤት የተማረ ልጅ ይወጣዋል። ኤ ሌቭል ላይ ግን የተግባር ፈተናው ቱቦና ቢከር ይዘሽ ላብ ውስጥ የምትሰሪው ነው። በግል ለሚፈተን ልጅ ላብ ከፍቶ የሚያስፈትን ቦታ ማግኘት እኛን ምን ያህል እንዳንከራተተን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። የእኔ ልጅ መጨረሻ ላይ ሒሳብ፣ ኢኮኖሚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ወሰደ። እሱ ስለሚወደው ነው፣ ሕክምና ለሚያስብ ልጅ ግን ይሄ አይሠራም። ልጅሽ ምን መሆን ነው የምትፈልገው? አልጻፍሽውም።

ከዚያ በኋላ እዚህ አገር ኮሌጅ ልትገባ ካሰበች የአቻ ግምት፣ ማለትም ውጤቷ ከእዚህ አገሩ 12ኛ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ፣ ማሠራት አለባችሁ። እሱን ግምቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ከመፈተኗ በፊት አጣሩ፣ ስንት የትምህርት ዓይነት፣ በምን ውጤት። ፈተናውን ከወሰደች በኋላ አንድ ጎደለ ቢባል ሌላ ግማሽ ዓመት ነው።

ብቸኝነቱን ሰው ያጋንነዋል። ልጄ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየዋለ ከአሥር ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ጋር ነው የተግባባው። ጠዋት ከቤት ይወጣል፣ የሥራ ሰዓት እንደያዘ ሰው። ቤት ፒጃማ ለብሶ የሚማር ልጅ ግን አይማርም፣ እሱን ኮሮና ጊዜ ሁላችንም አይተናል።

ካዛንቺስ ነበርኩ

@እመ ሁለት ፒጃማዋ ላይ ሳቅሁ። 2012 መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኛ ልጆች ካሜራ ዘግተው ሲያንኮራፉ አስተማሪዋ "ገባችሁ?" ትል ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ስለ አሜሪካው ልጨምር፣ ምክንያቱም ወንድምሽ ግማሹን ነው የነገረሽ።

ሆምስኩል በሃምሳውም ስቴት ሕጋዊ ነው፣ ግን ሕጉ እንደ ስቴቱ ይለያያል። እኛ ጋ ለካውንቲው አስቀድመሽ ታሳውቂያለሽ፣ ከዚያ የልጁን ሥራ ሰብስበሽ በየጊዜው ታሳያለሽ፣ ወይም ፈቃድ ባለው ድርጅት ሥር ትገቢያለሽ። በብዙ ቦታ ትራንስክሪፕቱን፣ የውጤት ማስረጃውን፣ የሚጽፈው ወላጅ ራሱ ነው። እዚህ ይሄ የሚሠራው ኮሌጆቹ ስለለመዱት ነው። አንቺ አምስት ኪሎ ሆነሽ "እኔ እናቷ ኤ ሰጥቻታለሁ" የሚል ወረቀት ብታዘጋጂ ማን ይቀበልሻል?

የወንድምሽ ልጅ በ16 ኮሌጅ ገባ ያልሽው ምናልባት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። እዚህ የሃይስኩል ልጆች ገና ሳይጨርሱ እዚያ ኮርስ መውሰድ ይችላሉ፣ ከቤት የሚማሩትም ጭምር። ጎበዝ ልጅ የሚፈጥነው በዚያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ በር ካልተከፈተ ያንን ታሪክ ወደ አዲስ አበባ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም።

ጂኢዲ የሚሉሽም ይኖራሉ፣ በሃይስኩል ዲፕሎማ ፋንታ የሚወሰድ የአሜሪካ ፈተና ነው። አራት ፈተና ነው፣ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት፣ ማለፊያው በእያንዳንዱ 145። ግን ከ16 ዓመት በታች አይፈተኑትም፣ ስለዚህ ለልጅሽ አሁን ምንም አያስቸኩልም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "የአሜሪካ ሃይስኩል ዲፕሎማ በኦንላይን፣ በስድስት ወር" የሚሉ ማስታወቂያዎች አሉ። ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እውቅና የሰጠው ማን እንደሆነ ጠይቂ፣ ከዚያ እውቅና ሰጪው ራሱ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የትምህርት ቤቱን ስም ፈልጊ። እውነተኛ የኦንላይን ትምህርት ቤቶች አሉ፣ በስድስት ወር የሚጨርሱት ግን ወረቀት ሻጮች ናቸው።

ሶፍትዌር 3ኛ ዓመት

እኔ በሌላኛው በኩል ልናገር፣ በልጅቷ በኩል።

ትምህርት የጀመርኩት በልጅነቴ ነው፣ አንድ ክፍል ደግሞ አዘለሉኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ገና 16 ነበርኩ። ምደባው ከአዲስ አበባ ውጪ ደረሰኝ። ትምህርቱ አልከበደኝም። የከበደኝ ዶርም ውስጥ ስድስት ትልልቅ ወንዶች መሀል ትንሹ ሆኖ መኖር ነው። ውሃ ሲጠፋ፣ ግቢው ሲረበሽ፣ እናቴ በየማታው ስትደውል። ወላጅ "ቶሎ ጨረሰ" ብሎ ሲደሰት ቶሎ ጨርሶ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም። እመ ሁለት ልጃቸው ጨርሶ የት እንደገባ አልነገሩንም።

ጎበዝ ሆኖ የሚሰለች ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት መውጣት የለበትም። ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፣ የተረፈውን ሰዓት ሌላ ነገር ላይ ታውለው። እኔ 11ኛ ክፍል ሆኜ ፓይተን ባልጀምር ዛሬ የት እንደምገኝ አላውቅም። ኖት መገልበጡን ግን ትተው፣ ለዚያ እናት ትምህርት ቤቱን ትጋፈጥ። "መጽሐፉ አላት፣ ኖት አትጽፍም" በያቸው። ይሄ ከሆምስኩል ይልቅ ቀላል ጦርነት ነው።

እመ ሁለት (ሜክሲኮ)

@ሶፍትዌር ልጄ አንድ ዓመት ሥራ ላይ ነበር፣ ሆን ብለን። አሁን ውጪ አገር በስኮላርሺፕ እየተማረ ነው፣ ገና ዘንድሮ ነው የሄደው። ያተረፈውን ጊዜ ለማደግ ተጠቀመበት እንጂ በ16 ዓመቱ አልላክሁትም። ያ ልክ ነህ፣ ዶርም ለ16 ዓመት ልጅ አይመከርም። ግን ልጅቷ በየቀኑ እያለቀሰች ስትሄድ "ተቀመጪ" ማለትም መፍትሔ አይደለም። አንተ ወንድ ነህ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥክ። አንዳንድ ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይሰበራል።

ቲቸር ዘአራት ኪሎ

ሁለታችሁም አትጣሉ። እኔ ብሆን ዘንድሮን አስጨርሳታለሁ፣ ካርዷን እይዛለሁ። ምክንያቱም የ9ኛ ካርድ በእጅ ካለ የካምብሪጁ መንገድ ቢበላሽ እንኳ 10ኛ ተመዝግባ ትቀጥላለች። መሀል ላይ አቋርጣ ብትወጣ ግን ይሄ ዓመት ይባክናል፣ ወደ ኋላ ስትመለስ ከእድሜ እኩዮቿ አንድ ክፍል ዝቅ ብላ ነው የምትገባው። ቶሎ ልጨርስ ያለች ልጅ ዘግይታ ትቀራለች። ክረምቱን ደግሞ አይጂሲኤስኢ ሒሳብ ብቻ ያለፉ ፈተናዎችን ትሥራ፣ መጽሐፍም ፈተናም ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ከወደደችው ምዝገባው ሳይዘጋ ተመዝግባ በሚቀጥለው የጥቅምት ፈተና በአንድ የትምህርት ዓይነት ትፈተን። አንድ ብቻ። ወጪውም አንድ ነው፣ ለአባትየውም ማስረጃ ይሆናል።

የአምስት ኪሎዋ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጅቷ ሕክምና ነው የምትለው። ስለዚህ የላቡን ነገር እመ ሁለት ባትነግሪኝ ዘልዬ እገባበት ነበር። ማምሻውን ለእሷ አነበብኩላት። "ታዲያ ላብ ያለው ትምህርት ቤት ለኤ ሌቭል ብቻ ልግባ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ቤት" አለችኝ። አባቷ ደግሞ የ9ኛ ካርድ ሲባል ሰምቶ "እሱ እንኳ ያስማማል" ብሎ ሬዲዮኑን ቀነሰ፣ ለእኛ ቤት ይሄ ድርድር ነው።

ኖት መገልበጡን ሰኞ ሄጄ እነጋገራለሁ። የአይጂሲኤስኢ ሒሳብ መጽሐፍ በእጁ ያለ፣ አሮጌም ቢሆን፣ የሚያውስ ወይ የሚሸጥ አለ? አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ስድስት ኪሎ ከሆነ በእግሬ እመጣለሁ።

እመ ሁለት (ሜክሲኮ)

ሒሳቡም ፊዚክሱም አለኝ፣ የታናሹ እርሳስ ስዕል አለበት እንጂ ደህና ነው። በውስጥ ጻፊልኝ። ለመሸጥ አይደለም፣ ስትጨርስ መልሺልኝ።