ጥቆማ፦ ወደ ጉጉፍቱ ለሚመላለስ ሞተር ጎማ ከደሴ ልግዛ ወይስ ከኮምቦልቻ?

ጠያቂ (ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን በያማሃ ዲቲ 125 ወደ ጉጉፍቱ እወጣለሁ። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል መንገዱ ነጭ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የጠዋቱ ውርጭ አለ። ገጠር ስገባ ዋልካ ነው። የኋላ ጎማዬ ሙልጭ ብሏል። 4.10-18 ጥርሳም ጎማ የት ይሻላል? ጓንትም ጠቁሙኝ፤ ጣቴ ፍሪሲዮን መያዝ እያቃተው ነው።

ቦርከና
ኮምቦልቻ ውረድ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጎሚስታ ሌላ ቤት ረግጬ አላውቅም። ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ካላሳየህ አይገጥምልህም። ዋጋ ጠይቄው አላውቅም፤ ያለኝን እከፍላለሁ።

ጦሳ ሥር
እኔ ተጎድቻለሁና ልናገር። አምና አንድ ሱቅ አዲስ ነው ብሎ የሸጠልኝ ጎማ ሐረጎ ላይ ጣለኝ። ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር፤ አስፋልት ደግሞ በጣም የሚያንሸራትተው ያኔ ነው። ኩርባው ላይ የኋላው ከዳኝ። ክርኔ ተሰነጠቀ። በኋላ የጎማውን ጎን ሳይ 2314 ይላል። በፈረንጆቹ 2014፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ስለነበር አምኜው ነበር፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል። ባለሱቁ ወደቅክበት ብሎ አልመልስም አለኝ።

ሰኞ ገበያ
እግዜር ይማርህ ወንድሜ! የትኛው ሱቅ ነው?

ጦሳ ሥር
ስም አልጠራም። ቁጥሩን ማንበብ ከለመዳችሁ ይበቃኛል።

ሸዋ በር
እኔ ከሰልባጅ የገዛሁት የቆዳ ጃኬት አለ። አምስት ክረምት አሳልፎኛል። ለብርድ ወላሂ ወደር የለውም።

ቦርከና
የኔ ሰውዬ አሮጌ ጎማ አይሸጥም።

ጦሳ ሥር
ቁጥሩን አይተህ ታውቃለህ?

ቦርከና
አላየሁም። ሰውየውን ግን አውቀዋለሁ።

ቧንቧ ውሃ
ልጁ የጠየቀው ጎማ ነው! ስለ ጃኬትና ስለ ሰውየው ማን ጠየቃችሁ? ስዊድን ያለው የአክስቴ ልጅ ጎማው ላይ ብረት ይሰካሉ ብሎኛል። እሱን ለምን አይሞክርም?

ሮቢት ጋራዥ
እዚያ ሐይቁ ሳይቀር ለሳምንታት በረዶ ሆኖ ይቆያል፤ ብረቱ የሚነክሰው ነገር አለው። የኛ በረዶ ቶሎ ይቀልጣል። ባዶ አስፋልት ላይ ብረቱ ራሱ ያንሸራትትሃል። ተወው።
ጥርሱ የተራራቀ ጎማ የዋልካን ጭቃ ቶሎ ይተፋል፤ አስፋልት ላይ ግን መሬት የሚነካው ጥቂት ነው። አንተ ሁለቱም መንገድ ስላለብህ መካከለኛ ጥርስ ያዝ። በረዶ ሲጥል ቁም። መሄድ ግድ ከሆነ በከፍተኛ ማርሽ ቀስ በል፤ ቤንዚን በድንገት አትስጥ፤ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬን አትጨብጥ። ለጣትህ ውስጥ የሱፍ ጓንት አድርግ፤ ከላይ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት። ነፋሱንም ውሃውንም ይከለክላል። ግን እንዳይጠብቅህ፤ ደም ካልዞረ ይብሳል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጓንቱን ዛሬውኑ ሞከርኩት፤ ጣቴ ታዘዘልኝ። ጦሳ ሥር፣ ክርንህ ዳነ ወይ? ቅዳሜ ሁለቱንም ከተማ ዞሬ ቁጥሩን አያለሁ።

ጦሳ ሥር
አልሃምዱሊላህ፣ ድኗል። ብርድ ሲሆን ብቻ ይጠዘጥዘኛል።

ሰኞ ገበያ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ወንድሜ፣ በመጨረሻ የቱን ገዛህ? እኔም ልገዛ ነው።

ቦርከና
ኮምቦልቻ ውረድ።