የበልግ ንባብ፦ ለንባብ ማኅበራችን የጋራ ዕቅድ የቀረበ ሐሳብ

ጸሐፊው፦ ወዳጆቼ፣ ባለፈው «ስለ አየር ንብረት ለውጥ እናንብብ» ተባብለን ነበር የተለያየነው። እኔ ከራሳችን ሰማይ እንድንጀምር እፈልጋለሁ። እኛ ወሎዎች ነን፤ የ1966ቱና የ1977ቱ ድርቅ ያልነካው ቤት ከመካከላችን የለም። ደላንታና ወረኢሉ ደጋው ላይ በልግ ከቀረ ሰኔና ሐምሌ ላይ የሚታጨድ ገብስ የለም፤ ዓይን ሁሉ ወደ ኅዳር ነው።

ሰሞኑን በስልኬ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት «የበልግ ዝናብ ቢዘገይ ደጋ ላይ ምን ይዘራል?» ብዬ ጠየቅሁት። አማርኛው ያምራል፤ በልግን ግን ሐምሌ ላይ አስጀመረው። አዘንኩ። ማሽኑ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው፤ እኛ ደግሞ ስለ በልግ በቋንቋችን የጻፍነው ጥቂት ነው። ስለዚህ በየወሩ ከምናነበው ጋር አንድ ገበሬ ጋብዘን ያየውን ዝናብ ይንገረን፣ እኛም እንጻፈው።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። መጋዘናችን ውስጥ የድሮ የግብርና መጽሐፎች አሉ፤ ሲገለጡ ጠርዛቸው እጅ ላይ ይረግፋል። አንዱ ኅዳግ ላይ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ በእርሳስ «ዘንድሮ የካቲት 21 ጣለ» ይላል። እሱን ይዤ ብዙ ቆምኩ። እነዚህ ሳይጠፉ ስካን ይደረጉ።

ተማሪው፦ ስካኑን በስልክ እንሠራዋለን። ቴሰራክት የሚባለው ፊደል ለቃሚ ሶፍትዌር አማርኛ ያነባል። ህትመቱ ከደበዘዘ ግን «ሉ»ንና «ሊ»ን፣ «ጸ»ንና «ጰ»ን ያምታታል። እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሰው ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየ ያንብበው። እሱም ከንባብ ሰዓታችን ይቆጠር።

ገንዘብ ያዡ፦ የመብቱን ነገር እንዳንረሳ። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 መሠረት ሥራው ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ስካኑ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጥ፣ ለሕዝብ የሚወጣው የባለመብቱ ፈቃድ ሲገኝ ነው። ገንዘብ የምመድበው ለገበሬዎቹ መጓጓዣና ለሻይ ብቻ።

መምህርቷ፦ የመጀመሪያው ንባባችን የሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበልግ ትንበያ ይሁን። «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ይላል፤ ከቁጥሮቹ ጋር ስንቱ ሰው ይረዳዋል? «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይበልጣል» ሲባል ብዙዎች «አይዘንብም» ብለው ይሰሙታል። ዘሩን በጎተራ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ጮክ ብለን አንብበን፣ ገበሬው ራሱ በሚናገርበት አማርኛ መልሰን እንጻፈው። ደግሞ ድምፁን ስንቀዳ፣ ቃሉ ማሽን እንዲማርበት በይፋ ይውጣ ወይስ በእኛ ዘንድ ይቆይ የሚለውን እሱ ይወስን። ተጠይቆ እንጂ ተገምቶ አይሁን።

ጸሐፊው፦ እህቴ፣ ይህ እኔ ያላሰብኩት ነው፤ ከሁሉም በፊት ይግባ። እንግዲህ የተስተካከለው ይህ ነው፦ ጥር ላይ ትንበያውን እናነባለን፣ ከየካቲት ጀምሮ በየወሩ አንድ ገበሬ እንሰማለን፣ ፈቃዱ በቃልም በጽሑፍም ይያዛል። ስካኑ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ የእርሳሱ ጽሑፍ ካለበት መጽሐፍ ይጀመር።

ገንዘብ ያዡ፦ እስማማለሁ። ወረኢሉ ዘመድ ያላችሁ፣ የመጀመሪያውን እንግዳ የምትጠሩልን እናንተ ናችሁ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ፦ አጎቴ እዚያ ያርሳል። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ እጠይቀዋለሁ።